ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

አንድ ድልድይ የሚቆመው በድንጋይ፣ በብረትና በሲሚንቶ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ከመጠረቡና ብረቱ ከመታጠፉ አስቀድሞ የወንዙን ሙላት የለካ፣ የሚያልፍበትን ጭነት ያሰላ፣ የአፈሩን ጽናት የመረመረ ባለሙያ አለ። ይህ ባለሙያ መሐንዲስ ይባላል። መሐንዲስ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ዛሬ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በአንድ መቀመጫ ላይ ለሦስት ተጣቦ የሚማረው ልጅ ነው። ስለዚህም ይህ ልጅ ወደ ምሕንድስና ትምህርት የሚያልፍበት በር፣ ማለትም የሒሳብና የሳይንስ የውድድር ፈተና፣ የልጁና የቤተሰቡ የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የሰፊው ሕዝብ ጉዳይ ነው።

በመጋቢት ወር 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. የተመረቀው በአባይ ወንዝ ላይ የተሠራው ታላቅ ግድብ ለዚህ አባባላችን ምስክር ነው። ለግንባታው ገበሬው፣ ሠራተኛውና ወታደሩ ከኪሱ አዋጥቷል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ማዋጣት አንድ ነገር ነው፤ ተርባይኑን መጠበቅ፣ ሲበላሽ መጠገን፣ ነገም ሌላውን መንደፍ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ የሚበቃ የሠለጠነ ኃይል በብዛትና በጥራት ካላፈራን፣ ያቆምነውን ለማስጠገን እንኳ የባዕድ ባለሙያ ደጅ ስንጠና እንኖራለን።

ታዲያ በበሩ ላይ ያለው ሁኔታ ምን ይመስላል? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በተሰጠ ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ቁጥሩ ከመቶ 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 ከፍ አለ። መሻሻል መታየቱ አይካድም። ነገር ግን ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ከግማሽ በታች በሚቀሩበት አገር፣ መሻሻሉን እያነሡ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ራስን ማታለል ይሆናል።

የዚህን አኃዝ ክብደት ለመረዳት ጥቂት ማስላት ይበቃል። ፈተናው አራት አማራጭ ያላቸው የምርጫ ጥያቄዎች የሚቀርቡበት ነው። በ60 ጥያቄዎች ፈተና ላይ 20ውን ብቻ በትክክል የሚያውቅ ተማሪ ቢኖር፣ የቀሩትን 40 ጥያቄዎች ዓይኑን ጨፍኖ ቢገምት እንኳ በአማካይ ከአራቱ አንዱን፣ ማለትም 10ሩን ያገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ይህም ግማሽ ነው። እንግዲህ ግማሽ ማግኘት ማለት በአማካይ አነጋገር የጥያቄዎቹን ሢሶ ማወቅ ማለት ነው። ከግማሽ በታች የቀረው ወጣታችን አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ ከተጠየቀው ሢሶውን እንኳ አጥርቶ ለመያዝ አልቻለም ማለት ነው። ይህ ሊያሳዝነን ብቻ ሳይሆን ሊያስቆጣንም ይገባል። ቁጣው ግን በልጁ ላይ መሆን የለበትም።

አንዳንድ ወገኖች ጥፋቱን በፈተናው ላይ ሲጥሉ ይሰማል። ሚዛን ቀሎ ቢያሳይ ግን ጉድለቱ የእህሉ እንጂ የሚዛኑ አይደለም። እንዲያውም ሚዛኑ ራሱ የተዛባበትን ዘመን አንረሳውም። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ ሌላ እስኪዘጋጅ ድረስ ተማሪዎች ለመጠበቅ ተገደዋል። ፈተና በሚሰረቅበት ጊዜ የሚሰረቀው ወረቀት አይደለም። በኩራዝ ብርሃን ያነበበው የገበሬ ልጅ ወንበር ነው። በስርቆት የገባውም ተማሪ ቢሆን አንደኛውን ዓመት ሳይጨርስ ሒሳቡ ራሱ ያጋልጠዋል። ወይም ይባስ ብሎ ተመርቆ፣ የሠራው ጣራ በሰው ላይ ሲወርድ ያጋልጠዋል። ስለዚህ በፈተና ጥበቃ ረገድ የተወሰደውን ጥብቅ እርምጃ እንደግፋለን። ነገር ግን በሩን መጠበቅ መንገዱን መጥረግ አይደለም። መንገዱም ሊጠረግ ይገባዋል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ዝግጅትን በፈተና ዋዜማ የመጀመር ልማድ ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በካልኩለስ ላይ ወድቆ ሲታይ፣ በእርግጥ የተሰናከለው በ7ኛ ክፍል ክፍልፋይና በ8ኛ ክፍል አልጀብራ ላይ ነው። ሒሳብ እንደ ግንብ ነው። የታችኛው ረድፍ የላላ እንደሆነ የላይኛው ቢደረደርም አይጸናም። ስለዚህ ብርቱ ተማሪ ከሚያዝያ ወር ጀምሮ የጥያቄ ወረቀት ከማሳደድ ይልቅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ይሠራል። የደከመበትን የታችኛውን ክፍል መጽሐፍ መልሶ ለማንበብም አያፍርም።

ሁለተኛው እንቅፋት ሽምደዳ ነው። አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንድ አካል በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት፣ ከአግድሙ መሬት 30 ዲግሪ ወደ ላይ ቢወረወር ምን ያህል ርቆ ይወድቃል? ቀመሩን የሸመደደ ተማሪ ቁጥሮቹን ጨምሮ 34.6 ሜትር ያህል ብሎ ይመልሳል፤ ትክክልም ነው። ጥያቄው ግን ጥቂት ተለውጦ «አካሉ የተወረወረው 15 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል ጫፍ ነው» ቢባል፣ የሸመደደው ቀመር ለተስተካከለ ሜዳ ብቻ የተሠራ ስለሆነ አይረዳውም። ነገሩን የተረዳ ተማሪ ግን ሁለት እንቅስቃሴዎች መኖራቸውንና አንዱ ሌላውን እንደማይነካ ያውቃል። ወደ ላይ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር፣ ወደ ፊት ያለው 17.3 ሜትር ያህል ነው። የመሬት ስበት በየሰከንዱ በ10 ሜትር ገደማ ይጎትተዋል። ከዚህ ተነሥቶ አካሉ ከገደሉ ሥር ለመድረስ 3 ሰከንድ እንደሚፈጅበት፣ በዚህም ጊዜ ወደ 52 ሜትር እንደሚርቅ ያሰላል። አዲስ ቀመር አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው ማስተዋል ነው። የመድፈኛ ትምህርት የተማረ ወታደር ሁሉ ይህንን ያውቃል። ዒላማው ምንጊዜም በተስተካከለ ሜዳ ላይ አይገኝምና።

በኬሚስትሪም ቢሆን እንዲሁ ነው። 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ሞል መሆኑን በቃሉ የያዘ ብዙ ነው። ሞል ማለት ደርዘን እንደማለት የመቁጠሪያ ስም መሆኑን፣ 22 ግራሙም ግማሽ ሞል እንደሚሆን በገዛ ራሱ አነጋገር ለጓደኛው የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። ተማሪ አንድን ነገር ማወቁን የሚያረጋግጠው መልሱን በማግኘቱ ሳይሆን ምክንያቱን ለሌላ ለማስረዳት በመቻሉ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት ቋንቋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሳይንስና ሒሳብ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው። ብዙው ተማሪ በስሌቱ ሳይሆን ጥያቄውን ባለመረዳቱ ይወድቃል። ቁጥሮቹ ብቻ ሲቀርቡለት የሚሠራውን ጥያቄ፣ በሦስት መስመር ዓረፍተ ነገር ተሸፍኖ ሲመጣ ይተወዋል። ስለዚህ መምህሩ ሐሳቡን ተማሪው በሚገባው ቋንቋ አብራርቶ፣ ወዲያው ያንኑ በእንግሊዝኛ ደግሞ ቢያስጽፈው ሁለቱም ይጠቀማሉ። ተማሪውም በየትምህርቱ የሚያገኛቸውን የሳይንስ ቃላት ከነትርጉማቸው የሚመዘግብበት አንድ ደብተር እንዲይዝ እንመክራለን።

አራተኛው የቤተ ሙከራ ነገር ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት መሣሪያ የለውም። ሌላው ግን መሣሪያው ኖሮት፣ ይሰበራል በሚል ፍርሃት በቁልፍ ዘግቶ አቧራ ያስጠጣዋል። የተቆለፈ ማይክሮስኮፕ ማንንም አያስተምርም። የተሰበረ ብልቃጥ ከተሰነካከለ ትውልድ ይረክሳል። መሣሪያ በሌለበትም ቢሆን በክር የተንጠለጠለ ድንጋይ የፔንዱለምን ሕግ ያስተምራል። የክሩን ርዝመት አራት እጥፍ ያደረገ ተማሪ የውዝዋዜው ጊዜ ሁለት እጥፍ ሲሆን በዓይኑ ያያል። በተግባር ያልተፈተነ ንድፈ ሐሳብ በፈተና አዳራሽ ውስጥ እንደ ጉም ይበተናል።

እንግዲህ ዝግጅቱ እንዴት ይሁን ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ያልተወሳሰበ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ አንድ የቆየ ፈተና ሰዓት ይዞ ይሥራ። ከዚያም ስሕተቶቹን በሦስት ይክፈል፤ ያልተማረው፣ ተምሮ የረሳው፣ እያወቀ በችኮላ የሳተው። ለመጀመሪያው መምህር ያስፈልገዋል፤ ለሁለተኛው ክለሳ፤ ለሦስተኛው ጥንቃቄ። ይህንን ሳይለይ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ዒላማ ሳይለዩ እንደመተኮስ ነው። የስሕተት መዝገብ ይያዝ፤ በየሳምንቱ መጨረሻም መልሶ ይሥራው። ማስሊያ መሣሪያን ሳይመካ በወረቀትና በእርሳስ ማስላትን ይልመድ። ከመልሱ በኋላም መለኪያውን ይመርምር፤ ርቀት ተጠይቆ መልሱ በሰከንድ ከወጣ ሥራው በአንድ ቦታ ተበላሽቷልና። አራት አምስት ሆኖ በቡድን ያጥና፤ ያወቀው ያላወቀውን ያስተምር። በፈተናው ሌሊት ደግሞ ይተኛ። የደከመ ወታደር እንደማይዋጋ ሁሉ የደከመ አእምሮም አያሰላም።

የውድድር ፈተና በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1794 የተቋቋመው ኤኮል ፖሊቴክኒክ፣ ተማሪዎቹን በሒሳብ ውድድር እየመረጠ ለአገሩ መሐንዲሶችና የመድፍ መኮንኖች አፍርቷል፤ በ1804 በናፖሊዮን ትእዛዝ የጦር ትምህርት ቤት ሥርዓት እንዲይዝ ተደርጓል። ቻይና በባህል አብዮቱ ዘመን አቋርጣው የነበረውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1977 እንደገና ስትጀምር፣ 5.7 ሚሊዮን ያህል ተፈትነው የገቡት 270 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከእርሻና ከፋብሪካ ተነሥቶ በዚያ በር ያለፈው ትውልድ የአገሩን ኢንዱስትሪ ለመገንባት በቅቷል። ሕንድም የመጀመሪያውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቷን እ.ኤ.አ. በ1951 በካራግፑር ከከፈተች ወዲህ፣ መሐንዲሶቿን በብርቱ ፈተና ስትመርጥ ኖራለች።

ነገር ግን ከሌሎች የምንማረው መልካሙን ብቻ አይደለም። በሕንድ ራጃስታን ውስጥ ኮታ የምትባል ከተማ አለች። ከየአገሩ ማዕዘን የሚመጡ ወጣቶች ለምሕንድስናና ለሕክምና መግቢያ ፈተና በክፍያ የሚሠለጥኑባት ናት። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ20 የሚበልጡ ተማሪዎች በራሳቸው ላይ እጃቸውን አንሥተዋል። ፈተና የሰው መመዘኛ መሆኑ ቀርቶ የሰው ዋጋ ሲሆን ፍጻሜው ይህ ነው። በዘመናዊ አልጀብራ መሠረት ላይ ስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋልዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1828ና በ1829 የፖሊቴክኒክን መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሚዛን ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን አይመዝንም። ወላጆች ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ልጁ ወድቆ ሲመለስ የቤቱ በር ሊዘጋበት አይገባም። እንደገና የሚፈተንበት፣ በማካካሻ ትምህርት የሚያልፍበት ወይም ወደ ሙያ ትምህርት የሚሄድበት መንገድ አለ። ጥሩ ብየዳ ሠሪና ጥሩ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሌለው መሐንዲስ የወረቀት መሐንዲስ ነው።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። በትልልቅ ከተሞች የሚገኘው ባለገንዘብ ለልጁ የግል አስጠኚ ይቀጥራል፤ መጽሐፍና ኢንተርኔት ያቀርባል። በገጠሩ ያለው ልጅ ግን ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ይማራል፤ ማታ መብራት የለውም። ሴቷ ልጅ ደግሞ ከትምህርት መልስ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች፤ ደብተሯን የምትከፍተው ሌላው ሲተኛ ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ አሰልፎ «ተወዳደሩ» ማለት እኩልነት አይደለም። እኩል ፈተና ፍትሐዊ የሚሆነው የመዘጋጃው ዕድል ሲቀራረብ ነው። አዲስ አበባና አዳማ ያሉት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ከአገር አቀፉ ፈተና በተጨማሪ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና እየሰጡ ተማሪ ሲመርጡ ቆይተዋል። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ልጅ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሚገኘው በተአምር ሳይሆን በዝግጅት እንዲሆን ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

እዚህ ላይ እኛው ራሳችን፣ የደንብ ልብስ የለበስነው ወገኖች፣ ልንሰማው የሚገባ ቃል አለ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በትግራይ ጦርነቱ ተጨምሮበት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሳይከፈቱ ቆይተዋል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተናው ዓመታት ጠብቀዋል። በአማራ፣ በአፋርና በኦሮሚያም ውጊያ በተካሄደባቸው አካባቢዎች ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ መቀመጫቸው ማገዶ፣ ክፍላቸው ማደሪያ የሆነም አለ። ጦር ሠራዊት ሠፈር ያስፈልገዋል። ሆኖም የመማሪያ ክፍል የጦር ሠፈር አይደለም፤ ጥቁር ሰሌዳም የጥይት ሣጥን መደገፊያ አይደለም። የትኛውም ወገን በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ መሣሪያ ይዞ ሊሠፍር አይገባም። ለስብሰባና ለሰልፍ ሲባል የተፈታኞችን የትምህርት ሰዓት መውሰድም መቅረት አለበት። አንድ አዛዥ ትምህርት ቤት ለቅቆ ድንኳን ቢተክል የሚያጣው የጥቂት ሌሊት ምቾት ነው፤ ካልለቀቀ ግን የሚጠፋው የአንድ ትውልድ መሐንዲስ ነው።

ይህ ሁሉ ሊደረግ የማይቻል አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፣ ሰሌዳ ባልነበረበት ሰሌዳ ተሠርቶ፣ አዳራሽ ባልነበረበት የዛፍ ጥላ አዳራሽ ሆኖ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረዋል። የዚያ ዘመን ሌላው ነገር ሁሉ የየራሱ ፍርድ አለው፤ ሕዝብ ለትምህርት ሲነሣ ምን መሥራት እንደሚችል ግን በዚያ ታይቷል። ዛሬ የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። በየወረዳው አንድ ትምህርት ቤት እስከ ሌሊቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ይሁን፤ በፀሐይ ኃይልም ሆነ በጄኔሬተር መብራት ይግባለት። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጡ የምሕንድስና ተማሪዎች በክረምቱ ታናናሾቻቸውን ሒሳብና ፊዚክስ ያስጠኑ። በሠራዊቱ ውስጥ ያሉ መሐንዲሶችና የመገናኛ ባለሙያዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደው ያስተምሩ። የሒሳብ መምህር ደመወዙ በወቅቱ ይከፈለው፤ ከክፍሉ ተጎትቶ ለሌላ ሥራ አይታዘዝ። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከኪሳቸው ያውጡ።

ለፈተና የምትዘጋጁ ወጣቶች ሆይ! ከእናንተ የሚጠበቀው ተአምር አይደለም። በየዕለቱ ጥቂት ጥያቄ ራሳችሁ ሠርታችሁ፣ ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቃችሁ፣ የገባችሁን ሳትሰስቱ አስረድታችሁ ነገ ደግሞ መቀጠል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከሌላ ወረቀት የተገለበጠ መልስ አንድን ፈተና ሊያሳልፍ ይችል ይሆናል፤ ወንዝ ግን አያሻግርም። በኃላፊነት ላይ ያለነው ደግሞ ውጤቱ በወጣ ማግሥት ተማሪውን ከመውቀሳችን በፊት፣ መብራቱን አብርተንለት፣ ክፍሉን ለቅቀንለት፣ መምህሩን አቁመንለት እንደነበር ራሳችንን እንጠይቅ። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሥራው ከዚያው ዕለት እንዲጀመር አጥብቀን እናሳስባለን።